የክት ስልክ

ስልኩ የመጣው በሰው እጅ ነው። እህቴ ከምትኖርበት ከሆላንድ ለዕረፍት ለሚመጣ አንድ የአዲስ ዓለም ልጅ ሰጠችው፤ እሱም ለማርያም ንግሥ ወላጆቹ ዘንድ ሲደርስ ደወለልኝና ከአምቦ በሚኒባስ ሄጄ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀበልኩት። በካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ካልሲውን ስገለብጠው ቀድማ መዳፌ ላይ የወደቀችው እንደ መርፌ የቀጠነች ካቻቢቴ ነበረች። ስልክ ሲሸጡ ካቻቢቴ የሚመርቁ ምን ዓይነት ነጋዴዎች ናቸው ብዬ እዚያው ብቻዬን ሳቅሁ። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝና «ደህና ይግቡ» ብሎኝ ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሰ።

ቤቴ እንደገባሁ እህቴ በተራዋ ቀፎዬ ደወለችልኝ። ተራዋ የምላት ባለ ቁልፏን ነው፤ ቁጥሮቿ ተፍቀው ከማለቃቸው የተነሳ በጣቴ ልማድ ብቻ የምደውልባት።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት። ከነመፍቻው መጣ፤ ተበላሽቶ ነው እንዴ የላክሽልኝ?»

«ስትፈልጊ ራስሽ እንድትከፍቺው ነው እኮ፣ እትዬ። ባትሪው ለብቻው ይወጣል፤ ስክሪኑም፣ ካሜራውም እንደዚያው። አንዱ ሲበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ነው። እንደ ሌላው ስልክ አይጣልም።»

«በእኛ ሀገር ደግሞ የሚጣል ስልክ መቼ አየሽ?»

ማሾፌ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረውም። አምቦ ገበያ ዳር ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ሞባይል ሠሪዎች ነፍሱ የወጣ ስልክ ሲያስነሱ አይቻለሁ። አንዱን አርደው በሆድ ዕቃው ሌላውን ያድናሉ። እኛ ዘንድ የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ብረት ይጣበቃል፤ ጆሮው የወለቀ ጣሳ ይበየዳል፤ ጃንጥላ አጥንቱ ይቀየራል፤ ጫማም ሶሉ እየተለወጠ ባለቤቱን ይቀብራል። ፈረንጅ አሁን ነቅቶ «የሚጠገን» እያለ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጠውን ነገር እኔ እንደ አዲስ ወሬ ልሰማው ነው? እህቴ ግን አልሳቀችም።

«ሌላም ነገር አለው» አለችኝ። «በውስጡ ያለውን ማዕድን የሚቆፍሩት ሰዎች የላባቸውን ዋጋ እንዲያገኙ ብለው ተጨንቀው ነው የሚሠሩት። የሚገጣጥሙትም ሰዎች እንደዚያው። ፍጹም ነው አይሉም፤ ይሞክራሉ። እስቲ የአባባን ደረት አስቢው።»

አሰብኩት። አባታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስሄድ በአምቦ ድንጋይ የተለበጡ ሕንፃዎች አያለሁ፤ ያምራሉ። ማን ፈለጠው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። አባታችን አቧራውን ሲውጥ ኖሮ፣ ሲያስለው ሲያስለው ከርሞ ሄደ። እናታችን ከእሱ ቀድማ ሞታ ስለነበር፣ ያኔ ገና ጥርሷን ያልነቀለችውን እህቴን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ትዳር መጥቶ በር ባንኳኳ ጊዜም «ልጅቷስ?» እያልኩ አሳለፍኩት። ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ሆላንድ ለትምህርት ሄደች፤ ከዚያም ሥራ ይዛ ቀረች። ከመሬት የሚወጣ ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ደረት ውስጥ ይገባል ትላለች። ይህን ስልክ የገዛችልኝ ለክረምት ዕረፍቷ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ ነው፤ ይህንንም የነገረኝ ያ የአዲስ ዓለም ልጅ እንጂ እሷ አይደለችም።

እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ቀን ቀን ሰው አይጠፋም። ፋይል የሚፈልግ ባለጉዳይ ይመጣል፤ በኦሮምኛ ይጀምርልኛል፣ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ሁለታችንም መሀል ላይ እንገናኛለን። ቤት ስገባ ነው ችግሩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ብቸኝነቱን የሚያውቀው ገበያ ላይ ነው። አምቦ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጠው በመደብ ነው፤ አንዱ መደብ ለቤተሰብ የተቆለለ ነው። «ግማሹን ስጪኝ» ብል ሻጯ ታፍርብኛለች፣ እኔም አፍራለሁ። ስለዚህ ሙሉውን ገዝቼ እገባለሁ፤ ግማሹ ማዕድ ቤቴ ውስጥ አረንጓዴ ቀንድ ያበቅላል። እህቴ ከሄደች ወዲህ ያበቀልኩት ሽንኩርት አንድ ማሳ ይሞላ ነበር።

ያን ስልክ ታዲያ ምን አደረግሁት? ማንኛዋም የአምቦ ሴት የምታደርገውን አደረግሁ። የራሱን ሲም ካርድ አውጥቼ አስገባሁለትና፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሳልልጥ፣ በነጭ ክር ዳንቴል ሠራሁለት። ጠርዙን በቀይ ዘመዘምኩት። ከዚያም ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀምጬ ቆለፍኩበት። የክት ሆነ። እኛ ጥሩ ነገር ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው እንዴት እንጠቀምበት ብለን አይደለም፤ እንዴት ከራሳችን እናድነው ብለን ነው። ልብሱም የክትና የዘወትር አለው፤ ሰሃኑም፣ ነጠላውም። እህቴ ልጅ ሳለች ያ ቡፌ ሁልጊዜ ያጣላን ነበር። ወርቃማ ክር የተሳለባቸው ብርጭቆዎች እያሉ እሷ ውሃ የምትጠጣው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር።

«ብርጭቆው ለእንግዳ ነው» እላታለሁ።

«እኔስ መቼ ነው እንግዳ የምሆነው?» ትለኛለች፣ ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡፌውን እከፍታለሁ፣ ዳንቴሉን አወልቃለሁ፣ ስልኩን አበራለሁ። እህቴ ከነፊቷ ትመጣለች። ጀርባዋ ላይ ያለው መስኮት ሁልጊዜ ዝናብ ይዘንብበታል። ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ እንባባላለን፤ ኔትወርኩ ሲያደናቅፋት አፏ ተከፍቶ ደርቃ ትቀራለች፣ እኔም እስክትላወስ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ስንጨርስ አጥፍቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ፣ ዳንቴሉን አልብሼ እቆልፋለሁ። ሰኞ እስከ ቅዳሜ የምይዘው ያችኑ ባለ ቁልፏን ነው።

ከዚያ ኢንተርኔቱ የሚዘጋበት ዘመን መጣ። በእኛ በኩል የዚያን ጊዜ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቀረ። አንዳንዴ ተራው ስልክም አብሮ ጭጭ ይላል። ሀብታሙም ድሃውም፣ ርካሹም ውዱም ስልክ እኩል ድንጋይ የሆነበት ጊዜ ነበር። እሑድ ስልኩን ማውጣት አቆምኩ፤ ምን ላደርግበት? እህቴ መስመር ስታገኝ በባለ ቁልፏ ትደውላለች፤ ከውጭ ሲደወል ደግሞ ደቂቃው ውድ ነው፣ እንደ ሚዛን ወርቅ እየቆጠብን እናወራለን።

«ስልኩ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቧራም አልነካው።»

ኢንተርኔቱ ተመልሶ ሲከፈት እኔ ልማዱን ትቼው ነበር። ደግሞም ባጃጅ ውስጥ ስልክ መንጠቅ በዝቷል ሲባል እሰማለሁ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን ከእጄ ቢወድቅስ ብዬ እሰጋለሁ። የእህቴ ጥሪ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። እኔም አልደውል፣ እሷም አትደውል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ይነቅዛል። የእኛ ዝምታ ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ እኔ አላየሁትም።

የፋሲካ ዕለት አልደወለችም። ከሄደች ጀምሮ ፋሲካን ዘላው አታውቅም። ጎረቤት በግ ታርዶ ሳቅና ጫጫታው በአጥሩ ላይ እየዘለለ ሲመጣ፣ እኔ ዶሮዬን ሠርቼ ለማን እንደምቆርስ ሳላውቅ ቁጭ ብዬ ባለ ቁልፏን አያት ነበር። በመጨረሻ ተነሣሁ። ዛሬስ ፊቷን አያለሁ ብዬ ቡፌውን ከፈትኩ። ዳንቴሉ ተወጥሯል። ስልኩ ውስጡ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ጀርባው ከጎኑ ተላቆ ተነሥቷል። ብጫነው አልበራ አለኝ። የሰው አካል የነካሁ ያህል ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ።

በዓሉ እንዳለፈ ገበያ ዳር ወዳሉት ሞባይል ሠሪዎች ወሰድኩት። የማውቀው ጎልማሳ አለ፤ የባለ ቁልፏን ቻርጀር መሰኪያ ደጋግሞ የሠራልኝ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝና ስልኩን ተቀበለ። ካቻቢቴዋን ስሰጠው ዓይኑ በራ። ጀርባውን አነሣው፣ ያበጠውን ባትሪ ያለ ምንም ትግል መዝዞ አወጣው፣ ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። ሌሎቹንም ጠራቸው። ተሰብስበው እንደ ሙሽራ አደነቁት።

«አዴ፣ ሌላውን ስልክ ስንከፍት ሙጫውን በእሳት አቅልጠን፣ እየጸለይን ነው» አለኝ። «የዚህ ሠሪ ለጠጋኝ ያሰበ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ባትሪ ቀይርልኝ።»

ወደ ግድግዳው አየ። የባትሪ ዓይነት እንደ ቋንጣ በገመድ ተሰቅሏል። ራሱን ነቀነቀ። «ሂንጅሩ። የለም፣ አዴ። አዲስ አበባም ያለ አይመስለኝም። ስልክ ዘመድ ይፈልጋል። ያ ስልክ» አለ፣ ገበያው ሁሉ የያዘውን ርካሹን ዓይነት እየጠቆመ፣ «ቢሞት እንኳ ከሟች ወንድሙ እወስድለታለሁ። ይህ ግን እዚህ ዘመድ የለውም። ብቻውን ነው የመጣው።»

ቃሉ ያለ ቦታው ነካኝ። እሱ ስለ ስልክ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ስለ ራሴ ሰማሁት።

አንዱን ርካሽ እንድገዛ መከረኝ። ይዤም አየሁት፤ ስክሪኑ ያበራል፣ ካሜራው ከእኔ በላይ ያሳምረኛል፣ መለዋወጫውም እጅ በእጅ ነው። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደቆፈረለት ግን አይናገርም፤ ዓመት ሁለት ዓመት አገልግሎ ይታረዳል፣ የማይረባው ሬሳው ከገበያው ጀርባ ወንዝ ዳር ይጣላል። እዚያ የተጣሉትን አይቻቸዋለሁ፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ ይዟቸው ይሄዳል። የእኔው ደግሞ ሰው ሳያስለቅስ ተሠርቶ፣ ለመጠገን ተፈጥሮ፣ አምቦ ላይ በአንዲት ባትሪ እጦት ሞቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የቱ ነው ውድ፣ የቱ ነው ርካሽ? ርካሹን መልሼለት፣ የእኔን በፌስታል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለእህቴ ደወልኩላት፤ አነሣች። ድምፅዋ ደህና ነበር፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ደህና።

«ባትሪው አብጦ ሞተ» አልኳት።

«በምን ምክንያት? ብዙ ጊዜ የሚያብጠው እኮ ሳይነካ ሲቀመጥ ነው። ቻርጅ አታደርጊውም ነበር?»

«ቡፌ ውስጥ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ጀምሮ።»

«እትዬ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ በዚያ ስልክ በየቀኑ እጽፍልሽ ነበር። አላነብ ስትዪኝ ጊዜ ተቀይመሽኛል ብዬ ነበር። ትቼሽ ስለሄድኩ። ሥራ ይዤ ስለቀረሁ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አንቺ ግን ቡፌ ውስጥ ቆልፈሽብኝ ነበር።»

«የክት አድርጌው ነው፤ የአንቺ ስጦታ ስለሆነ» አልኩ።

«አውቃለሁ። እኔንም የክት አደረግሽኝ» አለች። ከዚያ ባትሪውን በሰው እልካለሁ ብላ ዘጋችው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ባትሪው በአውሮፕላን ብቻውን አይላክም አሉ፤ ሰው በእጁ መያዝ አለበት። ሰው እስኪገኝ ብዙ ወራት አለፉ። የተገኘውም ባኮ ሆኖ በበቆሎ ምርምር የሚሠራ፣ ለሥልጠና ሆላንድ ሄዶ የነበረ ሰው ነው። የተሳፈረበት መኪና አምቦ ሳይቆም ስላለፈ፣ እኔ ራሴ ስልኩን በቦርሳዬ ይዤ ባኮ ወረድኩ። ባኮ ቆላ ነው፤ ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ሰውዬው ትሁት ነበር፤ ምሳ ካልበሉ ብሎ ለመነኝ፣ እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ባትሪዋን በእጁ ሰጠኝ። «እህትዎ ብዙ ሰላምታ ብላለች» አለኝ። ብዙ ሰላምታ ለማንም ይባላል።

መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ዙሪያዬን ፓስታ ይበላሉ። ቤቴ እስክደርስ መታገሥ አልቻልኩም፤ የስልኩን ጀርባ በጥፍሬ አነሣሁና ባትሪዋን በቦታዋ አስገባኋት። ጠጋኝ አላስፈለገኝም፤ እህቴ «ራስሽ እንድትከፍቺው» ያለችው እውነቷን ነበር። ተጫንኩት። ጥቂት ቆይቶ በራ።

ከዚያ ጮኸ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ እያለ አላቆም አለ። ሾፌሮቹ ፓስታቸውን ትተው ዞረው አዩኝ። አንዱ «እናቴ፣ ባንክ ነው እንዴ የከፈቱት?» ብሎ አሳቃቸው። በነጠላዬ ሸፈንኩት፤ ነጠላው ውስጥም ጮኸ። እህቴ ነበረች።

አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከባኮ በቆሎ ማሳ እስከ ደጋው አቀበት ድረስ ስታወራኝ መጣች። የፈነዳ የብስክሌት ጎማ ፎቶ አንሥታ «ዛሬ በእግሬ ነው» ብላለች። የገዛችውን ሽንኩርት አንሥታለች፤ እዚያ አንድ ሽንኩርት ለብቻው ይሸጣል፣ «የብቸኛ ሰው ሀገር ነው እትዬ፣ አንቺም ብታዪው ትስቂ ነበር» ብላ። የድሮ የድንጋይ ሕንፃ ፎቶ ልካ ሥሩ «ይህን ደግሞ የማን አባት ፈለጠው ይሆን?» ጽፋለች። «አሞኛል፣ ግን ቀላል ነው።» «እዚህ ያሉ ሐኪሞች በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ስጪ አሉኝ። የዚህን ስልክ ቁጥር ሰጠኋቸው።» ለእኔ በክፉ ቀን ሊደወልበት የሚችለው ቁጥር ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጋር ተቆልፎ ነበር። «ተሽሎኛል።» «እትዬ ተቀይመሽኛል?» «መልካም ፋሲካ።» የመጨረሻው «እሺ» ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

አለቀስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አወቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ሴት ክንዴን ያዙኝ። «ማል ታቴ?» አሉኝ፤ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። ስልኩን እያሳየሁ «ኦቦሌቲ ኮ» አልኳቸው፣ እህቴ። ፊታቸው ተለወጠ፤ በዚያ አለቃቀስ መርዶ የደረሰኝ መስሏቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ዱቴ?» ሞተች?

«ላኪ፣ ላኪ» አልኩ በድንጋጤ። «ጅርቲ።» የለም፣ አለች፣ በሕይወት አለች ማለት ነው። ቃሉን ለእሳቸው ስለው ለራሴም የነገርኩት መሰለኝ፤ ደጋግሜ አልኩት። እሳቸውም እግዚአብሔርን አመሰገኑልኝና እስከ አምቦ ክንዴን አልለቀቁም።

ቤቴ እንደገባሁ ዳንቴሉን ቡፌው ላይ ለነበረችው የአበባ ማስቀመጫ አለበስኳት። ስክሪኑ ላይ የነበረውንም ላስቲክ ላጥኩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያ ስልክ የዘወትር ሆነ። ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ፤ መቀነቴ ውስጥ ይገባል፤ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ይቀመጣል፣ የበርበሬ ጣት ይነካዋል። በየቀኑ ለእህቴ እጽፋለሁ። የምጽፈው ቁም ነገር የለውም። ዛሬ መብራት የለም። ዛሬ አንድ ባለጉዳይ የሞተ አባቱን ፋይል ፈልጎ አገኘንለት። ቀንድ ያበቀለ ሽንኩርቴን ፎቶ አነሣሁላት። ታነባለች፤ ማንበቧ ይታየኛል። መልሷ ግን አንድ ቃል ነው፣ አንዳንዴም አይመጣም። አልፈረድኩባትም። ለተዘጋ በር ስታወራ የኖረች ሰው፣ በሩ ሲከፈት ወዲያው አትገባም። ግን ያማል። መልስ እየጠበቅሁ ማታ ማታ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ የምተኛው አሁን እኔ ሆንኩ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ባጃጅ ሲያልፍ ልሸሽ ብዬ ስልኩ ከእጄ አመለጠ። ኮብልስቶኑ ላይ በፊቱ ወደቀ። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ከእኔ ቀድማ ጮኸች፤ አንሥታ ስትሰጠኝ «ክፉውን ይዞ ይሂድ» አለችኝ። ከላይ ጥጉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ይሠራል ግን። እዚያው እንደቆምኩ ምን ላድርግ ስል፣ አጠገቤ ልብስ የሚሸጥ ሰው ያቆመው መስተዋት ታየኝ። መስተዋቱ ፊት ቆሜ ስልኩን ከነስንጥቁ፣ እኔን ከነሽንኩርት ፌስታሌ አነሣሁና ላክሁላት። «ሰበርኩት» ብዬ ጻፍኩበት።

ቤቴ ሳልደርስ ጠራ። ከነፊቷ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ዝናቡ ይዘንባል።

«እሰይ!» አለችኝ። «እሰይ፣ እሰይ! ገበያ ይዘሽው ወጣሽ?»

«ሰው ዕቃ ተሰበረ ሲሏት እሰይ ትላለች?»

«እኔን ታዪኛለሽ? ስንጥቁ አይከልልሽም?»

ከላይ ጥጉ ላይ የሚወጣው የእኔው ትንሽ ምስል ነው። «ስንጥቁ ያረፈው እኔ ላይ ነው» አልኳት። «አንቺ ደህና ነሽ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተሰበረና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔም መንገዱ ዳር ካለ አጥር ተጠግቼ ቆምኩ። ስክሪኑ እዚያ እንደሚሸጥ፣ በዚያች ካቻቢቴ ራሴ ልቀይረው እንደምችል አስረዳችኝ። «የሚያመጣልሽ ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

አምቦ ላይ ዘመድ የሌለው ስልክ ነው። አንድ ነገሩ ሲጎድል ከዚያ አንድ ሰው መነሣት አለበት። ይህን እንደ ጉድለቱ ስቆጥርበት ነበር የኖርኩት። ነይ ብያት ደግሞ አላውቅም፤ ያሳደግኋት ልጅ ላይ ገመድ መሆን አልፈለግሁም። ምን ጊዜም «እንደተመቸሽ» ነበር የምላት።

«ሰው አትፈልጊ» አልኳት። «አንቺ አምጪው።»

ደርቃ ቀረች። ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ያለው ዝናብ ግን ይንቀሳቀሳል።

«ብመጣ» አለች በመጨረሻ፣ «ውሃ በምንድን ነው የምትሰጪኝ? በቡፌው ብርጭቆ?»

«በጣሳሽ።»

«ጣሳዬ አለ እንዴ እስካሁን?»

«አለ» አልኳት። «ጆሮው ወልቆ ነበር፤ አስበይጄዋለሁ።»